ከጓሮ የተሰማው አሜን

አንድ ሰው ነበረ። ስሙን አልጠራውም፤ «ታሪኬን ይንገሩ፣ ስሜን ግን ይተዉልኝ» ብሎኛል። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግንባታ ድርጅት የጨረታ ሰነድ ያዘጋጃል፣ ከሥራ መልስ ሁለተኛ ዲግሪውን ይማራል፣ ሚስት አለችው። ክፉ ሰው አይደለም። እንደ እኔና እንደ እናንተ ያለ ሰው ነው።

ይህ ሰው ሐሳቡ አልሰበሰብ ብሎት ተቸገረ። አንድ ገጽ ሊያነብ ይቀመጣል፤ ገጹ ሳያልቅ ልቡ መርካቶ ደርሶ ይመለሳል። ሚስቱ ፍሬሕይወት ታወራዋለች፤ እሱ «እሺ» ይላል። «ምን አልኩህ?» ስትለው የሚመልሰው የለውም። እዚያ ጋ ተያይታችሁ የምትስቁ ባልና ሚስት አሉ፤ አይቻችኋለሁ። ሳቁ፣ ግድ የለም፣ እናንተም ጋ እመጣለሁ።

ታዲያ ምን አደረገ? መድኃኒት ፍለጋ ገባ። ስልኩ ላይ «የአእምሮን ብቃት እናሳድጋለን» የሚል አንድ የቴሌግራም ቻናል አገኘ። እዚያ የሌለ ነገር የለም። የዓሣ ዘይት አለ፣ የጂንኮ ቅጠል እንክብል አለ፣ ማግኒዚየም አለ፣ የእንጉዳይ ዱቄት አለ፣ ከዱባይ የሚመጣ የካፌይን ኪኒን አለ። በዓሣ ዘይቱ ጀመረ። ባገሳ ቁጥር ዓሣ ዓሣ ሸተተው እንጂ ዘይቱ ሐሳቡን አልሰበሰበለትም። ወደ ጂንኮው ዞረ። ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ። ከዚያ ካፌይኑን ጨመረበት። ይህን ጠዋት፣ ያንን ከሰዓት እያለ በገዛ አካሉ ላይ ሙከራ ሲያደርግ ከረመ። ፍሬሕይወት «ቁም ሳጥኑ ላይ ፋርማሲ ከፈትክ እኮ» ትለው ነበር።

አንዳንድ ቀን ይሠራለታል። እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ ልቡ ድው ድው እያለ፣ የሳምንቱን ሰነድ በአንድ ቀን ይጨርሳል። በማግስቱ ግን እንደ ተመጠጠ ሎሚ ይሆንና ገና የተሻለ ነገር አለ እያለ ይፈልጋል።

እኔ መድኃኒት አልነቅፍም። ሐኪም ያዘዘላችሁን ዋጡ። «መምህሩ ተዉ ብሎናል» ብላችሁ ከሐኪሞች ጋር እንዳታጣሉኝ። የኔ ነገር ወዲህ ነው።

የዚህ ሰው አባት ደብረ ሲና ይኖሩ ነበር። ጣርማ በርን ወርዳችሁ ጉሙ ሲገለጥ፣ ቆሎ የያዙ ልጆች መኪናውን የሚከቡባት ከተማ ናት። ጋሽ ሸዋንግዛው ይባላሉ። ዕድሜያቸውን ወፍጮ ቤት ነው ያሳለፉት። ወፍጮ ቤት የኖረ ሰው ታውቃላችሁ፤ ይጮኻል። ጋሽ ሸዋንግዛው «ጨው አቀብሉኝ» ሲሉ ጎረቤት ይሰማል። ቅዳሴ ላይ በጆሮ አንሾካሾክሁ ሲሉ ዲያቆኑ ዞሮ ያያቸዋል። ልጁም በዚያ በሞተሩ ጩኸት ውስጥ ነው ያደገው። ሲጠሩት ጮኾ «አቤት!» ይላል፣ ሲያዙት ጮኾ «እሺ!» ይላል። የአባቱን ድምፅ ለመስማት ጆሮውን ማዘጋጀት አስፈልጎት አያውቅም። ድምፃቸው ራሱ ያለበት ድረስ ይመጣለታል።

ኋላ ጋሽ ሸዋንግዛው ታመሙ። የዚያ ሁሉ ዘመን የዱቄት ብናኝ ሳንባቸውን ያዘው። ያ ድምፅ ሄደ። ሲናገሩ ትንፋሽ ብቻ የሚወጣ ይመስላል።

ልጁ ሊጠይቃቸው ወረደ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ አልጋቸው አጠገብ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። አባት ሚስታቸውን ጠሩና «ትርንጎ፣ እስኪ አንዴ ጓሮ ሂጂልኝ። ከልጄ ጋር የምንባባለው አለን» አሉ። እማማ ትርንጎ ነጭ ሽንኩርታቸውን ይዘው ወጡ። አባት እጃቸውን ልጃቸው ጉልበት ላይ አሳረፉና መመረቅ ጀመሩ።

የአባት ምርቃት እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ያሳድግህ። አሜን። ክፉ አይይህ። አሜን። ወልደህ ሳም። አሜን። የጀመርከውን ያስጨርስህ። አሜን። ተቀባዩ አሜን ካላለ ምርቃቱ የሚፈስ ይመስለናል፤ ስለዚህ ማንም ሳያስተምረን ከልጅነታችን አሜን እንላለን።

እሱም አሜን አለ። በዚህ መካከል ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነዘረ። አወጣው። አባቱ እንዳያዩበት ከአልጋው ጠርዝ ዝቅ አድርጎ ያዘው። ያ የቴሌግራም ነጋዴ ነው፤ ሐሳብ ለመሰብሰብ ተወዳዳሪ የለውም የተባለው እንክብል ከዱባይ ገብቷል። ልጁም በአውራ ጣቱ ይጽፋል። አባት ይመርቃሉ፣ ልጅ ይጽፋል። የአባት ድምፅ ዝቅ ሲል፣ ልጅ «አሜን!» ይላል። አንድም ቦታ አልሳተም።

አሜን የሚባልበትን ቦታ ለማወቅ መስማት ያስፈልጋል እንዴ? አያስፈልግም! እናንተም ታውቁታላችሁ። እዚህ ቆማችሁ፣ ልባችሁ ገበያ ሄዶ፣ አፋችሁ ግን ዜማውን ሳይስት «አሜን» የሚልበት ቀን የለም? ከአንገት በላይ የሆነ አሜን ከሌላው አሜን በድምፅ አይለይም።

ከዚያ የአባትየው ንግግር ተለወጠ። ምርቃቱ አለቀና ሌላ ነገር መጣ። ልጁ መለወጡን ብቻ አስተዋለ። አባት ትንፋሽ እያጠራቸው፣ እያረፉ፣ ረዘም አድርገው አንድ ነገር ተናገሩ። መጨረሻው ላይ «አደራህን» አሉ። ይህቺን ቃል ሰምቷል። «ትፈጽምልኛለህ?» አሉ። ይህንንም ሰምቷል። ከዚህ በፊት ያለውን ግን አልሰማም።

ምን አለ መሰላችሁ? ጮኾ፣ እንደ ወፍጮ ቤት ልጅነቱ፣ «እሺ አባዬ! አሜን!» አለ።

«ተባረክ። አሁን ቀለለኝ» አሉ ጋሽ ሸዋንግዛው። እማማ ትርንጎ ከጓሮ ሲመለሱ ጆሯቸው ላይ አንድ ነገር አሏቸውና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ልጁ ስልኩን አስቀመጠና ሲነቁ እጠይቃቸዋለሁ ብሎ አሰበ። እንዲያውም ፈገግ አለ፤ እንደ ድሮው «ጆሮህ የት ሄዶ ነው!» ብለው ይቆጡኛል ብሎ። ጋሽ ሸዋንግዛው ግን አልነቁም። በማግስቱ ቅዳሴ ሲወጣ አረፉ።

ወገኖቼ፣ ይህ ሰው ከአባቱ መቃብር ሲመለስ ምን ይዞ ተመለሰ? ምን እንደሆነ የማያውቀውን ቃል ኪዳን! ድንኳኑ ውስጥ እናቱ ለለቀስተኛው ሁሉ «ልጁን መርቆ፣ አደራውን ሰጥቶ ነው የሄደልኝ» ይላሉ። መጽናኛቸው ይህች ናት። ሰዉም «እሰይ፣ እንዲህ ነው አሟሟት» ይላል። ወደ ማምሻው እናቱ ጠጋ ብለው «መቼም ያለህን አንተ ታውቃለህ፤ ፈጽምለት ልጄ» አሉት። አላውቀውም ይበል? በዚያ ድንኳን፣ በዚያ ሰው መካከል? «እሺ እማዬ» አለ። ይኸው ሁለተኛ እሺ።

በኛ አገር አደራ በላ ከመባል የከፋ ስድብ አለ? ሰው ሌባ ቢሉት ይከራከራል። አደራ በላ ቢሉት አንገቱን ይደፋል። አደራ የሚበላ ሰው ግን ቢያንስ ምን እንደበላ ያውቃል። ይህ ምስኪን ግን ምን እንደበላ እንኳ አያውቅም።

እናም ወደ እንክብሎቹ ተመለሰ። ድሮ ለሰነድ ነበር የሚውጣቸው፣ አሁን ለአባቱ ድምፅ። «ለማስታወስ የሚሆነውን ስጠኝ» ይለዋል ነጋዴውን። መጠኑን ይጨምራል፣ ያቀላቅላል፣ ይለውጣል። ልቡ ይመታል፣ እንቅልፍ የለውም። «እንዴት ልንገርዎ» አለኝ፤ «ሰው አባቱ ሲሞት አባቱ ይናፍቀዋል። እኔን ግን የናፈቀኝ አንድ ረፋድ ነው። አባቴ ቢመለስልኝ አላልኩም፤ ያቺ ረፋድ ትመለስልኝ ነው ያልኩት። በርጩማዋ ላይ ልቀመጥ። እጁን ጉልበቴ ላይ ያድርግ። አንድ ጊዜ ይድገምልኝ።» ይህን ሲነግረኝ እኔም ማልቀስ ጀመርኩ።

አንድ ቀን ፍሬሕይወት እንክብሉን ከመዳፉ ወሰደችና «አባትህን ፍለጋ ስትሄድ አንተን እንዳላጣህ» አለችው። ለምን አባቱን እንደሚፈልግ ግን አልነገራትም። ለማንም አልነገረም።

ለተዝካሩ ደብረ ሲና ሲወርድ አንድ የቅኔ ሰው ጥግ ይዘው ተቀምጠው አገኘ። ቀረብ ብሎ «አብሾ የሚባለውን ያውቁታል?» አላቸው። አብሾን ታውቁታላችሁ። ድሮ የቅኔ ተማሪ ትምህርት እንዳይጠፋው ይጠጣው ነበር የሚባለው ነው። የሚያሳብድ መርዝ ነው፤ የጠጡት ስንቶቹ እንደ ወጡ ቀሩ፣ ስንቶቹ ልብሳቸውን ጥለው ሄዱ። ከመካከላችሁ የፈተና ልጅ ያለው ቢኖር ስሙን እንኳ እንዳያነሳ። ሰውየው ሳቁበት። «አንተ፣ ለምን ፈለግኸው?» «የሰማሁት ነገር ጠፍቶብኝ።» «አብሾ እኮ መምህሩ የተናገረውን ለመያዝ ነው ይባል የነበረ። ለመሆኑ ሰምተኸው ነበር?» አሉት። ሥጋ ቀረበና ጨዋታው በዚያው ተቋረጠ። እሱ ግን ያን ቀን ሥጋው አልዋጥ አለው።

ዓመቱ ዞረ። ሙት ዓመቱ ደረሰ። ልጁ ለዝግጅቱ ቀደም ብሎ ወረደ። ረፋድ ላይ እናቱ ጌሾ ሲወቅጡ እሱ ወደዚያ ክፍል ገባ። ያንን ከዱባይ የመጣውን እንክብል ዋጠ። በርጩማውን ስቦ አልጋው አጠገብ፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት ተቀመጠ። ዓይኑን ጨፈነ። አምላኬ ሆይ፣ ዛሬ ብቻ ብሎ ለመነ።

እናም መጣለት! አዎ፣ መጣለት። ሁሉም መጣለት። ከጋቢያቸው ላይ የማይለቀው የዱቄት ሽታ መጣ። በመስኮቱ የገባችው ፀሐይ አልጋው ላይ እስከ የት እንደደረሰች መጣ። ከጓሮ የነጭ ሽንኩርቱ ውቀጣ ተሰማው። የአባቱ እጅ ጉልበቱ ላይ ሲያርፍ ክብደቱ ታወቀው። የአባቱ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየ። ጆሮውን አቀና። አሁን ሊሰማ ነው።

ምን ሰማ መሰላችሁ?

«ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ይህን የጻፈው እሱ ነው። «ከቁርስ በኋላ፣ በብዙ ውሃ።» ይህ የነጋዴው መልስ ነው። ፊደል በፊደል፣ ነጥቡ ሳይቀር ታየው። ቀጥሎ የመጣችው የምትስቅ ቢጫ ፊት እንኳ ታየችው። የአባቱ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ የሚሰማው ግን የስልኩ ነው።

ያኔ ገባው። የማስታወስ ችሎታው ምንም አልሆነም ነበር። ልቡን የሰጠውን ነገር አንዲትም ሳይጥል ይዞለታል። አባቱን አልረሳም፤ አባቱን አልሰማም። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይሉ የለ? ልብ ካልሰማም ጆሮ አይሰማም። ያልገባውን ደግሞ የትኛው እንክብል ያወጣዋል? ሐሳቤን ይሰበስብልኛል ያለውን ነገር ሊገዛ ሲጠይቅ ነበር የአባቱ ቃል ያመለጠው።

በርጩማው ላይ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እናቱ ሙቀጫውን ጥለው ገቡ።

«ምነው ልጄ? ምን ሆንክ?»

«እማዬ፣ አባዬ ያለኝን አላውቀውም።»

«ረሳኸው?»

«አልረሳሁትም። አልሰማሁትም። ስልክ እያየሁ ነበር።»

እማማ ትርንጎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ «አሜን ስትል እኮ ሰምቼህ ነበር» አሉ። «ከጓሮ ሆኜ። እንዴት ያለ አሜን ነበር! የሱ ድምፅ አልተሰማኝም፣ ያንተ ግን ጥርት ብሎ ተሰማኝ። እሰይ፣ ልጄ ተቀበለው ብዬ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ።»

ወገኖቼ፣ ቢሰድቡት ይሻለው አልነበረም?

«ላንቺስ አልነገረሽም?» አላቸው።

«ለኔ ምን ሊነግረኝ፣ ላንተ የነገረህን! 'ልጄ ያውቀዋል፣ አርፌያለሁ' ብቻ ነው ያለኝ።» እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «አንድ ነገር ልንገርህ፤ ደስ ብሎት ነው የሄደው። ይቺን አትርሳ።»

«ምን ሊሆን ይችላል እማዬ? ምን ሊለኝ ይችላል?»

እናት አሰቡ። ዓርብ ዓርብ የደካሞችን እህል በነፃ ይፈጭ ነበር፤ እሱ እንዳይቀር ብሎህ ይሆናል አሉ። እኔን እንዳትረሳ ብሎህ ይሆናል አሉና በእንባቸው መካከል ፈገግ አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ወይም የውብሸት ነገር ይሆናል» አሉ።

ጋሽ ውብሸት የሟች ወንድም ናቸው። ሁለቱ ወንድማማቾች በእናታቸው ቀብር ላይ በተነገረች አንዲት ክፉ ቃል ተጣልተው፣ በአንድ ከተማ እየኖሩ፣ ገበያ ላይ ሲገናኙ ፊታቸውን እያዞሩ ነው ያረጁት። ሽማግሌ ገብቶ ነበር፤ አልሆነም። ጋሽ ውብሸት የወንድማቸው ቀብር ላይ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆሙና ድንኳን ሳይገቡ ሄዱ።

ልጁ ምን አደረገ? አንዱን አላውቀውምና ሁሉንም አደርጋለሁ አለ። የአባቱን ወፍጮ ቤት ሊሸጠው ነበር፤ ተወ። ሠራተኛ ቀጠረ፣ ዓርብም የደካሞች ቀን ሆነች። ለእናቱ በየቀኑ መደወል ጀመረ፤ እማማ ትርንጎም ስለ ዶሮዎቻቸው የሚያወሩትን ቁጭ ብሎ ይሰማል። የእንክብሎቹን ዕቃ ምን አደረገው ብላችሁ አልጠየቃችሁኝም፤ እማማ አጥበው ጥቁር አዝሙድ አስቀምጠውበታል።

የቀሩት ጋሽ ውብሸት ናቸው።

እሳቸው ከወንዝ ማዶ ነው የሚኖሩት፤ ወንዙን ተሻግሮ ሄደ። ሽማግሌው በራቸው ላይ ተቀምጠው የመጥረቢያ እጀታ ይጠርባሉ። ቀና ብለው አዩት። እንደምን ዋልክም አላሉም። ያሉት አንድ ነገር ነው።

«ሸዋንግዛው ላከህ?»

ሰውየው በሞተ በዓመቱ!

ልጁ ቆመ። ሽማግሌው መጥረባቸውን አቆሙ። «ለልጁ አደራ ሰጥቶ ሞተ ሲሉ ሰማሁ» አሉ። «እኔን ሳያነሳ አይሞትም አልኩ። ለአርባው ይመጣል አልኩ። ለሰማንያው ይመጣል አልኩ። ይኸው ዓመቱን ሙሉ ያንን መንገድ ሳይ ከረምኩ። ይቅር ብሎኛል? እሱን ብቻ ንገረኝ። ይቅር ብዬዋለሁ በለው አለህ?»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? «አዎ ጋሼ፣ ይቅር ብለውዎታል» ማለት ምን ይከብዳል? ማን ያውቅበታል? ሽማግሌው ያርፋሉ፣ ልጁም ያርፋል። ምናልባትም እውነት ነው! ምናልባት አባትየው ያንን ረፋድ፣ በዚያች ትንፋሻቸው፣ «ወንድሜን ይቅር ብዬዋለሁ፣ ሂድና ንገረው» ብለዋል። ምናልባትም አላሉም። ቃሉ የታመነው በአንድ ጆሮ ብቻ ነበር፤ ያ ጆሮ ደግሞ እዚያ አልነበረም።

«ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር» አለኝ። «ግን ሳልሰማ አሜን ብዬ እዚህ ደርሻለሁ። ሳልሰማ ደግሞ ብሏል ልበል?»

ሽማግሌው እግር ሥር ተንበረከከ። «አላውቅም ጋሼ። ሊሆን ይችላል። ነግሮኝ ነበር፤ እኔ አልሰማሁትም። ልቤ ሌላ ቦታ ነበር» አለ።

ጋሽ ውብሸት እጀታውን መሬት አስቀመጡ። «ብሎ ነበር ብዬ ልያዘው?» አሉ። እንደ ልመና ነው ያሉት። ልጁ እንደተንበረከከ ቀረ።

ሽማግሌው ተነሡና ጋቢያቸውን ደረቡ። «እንግዲህ ስንገናኝ እጠይቀዋለሁ። አንተም ትጠይቀዋለህ» አሉ። «በል ተነሥ። መቃብሩን አሳየኝ። ያኔ ከኋላ ስለነበርኩ በደንብ አላየሁትም።»

አብረው ሄዱ። ከመቃብሩ ሲደርሱ ልጁ ለብቻቸው ሊተዋቸው ፈቀቅ አለ። ሽማግሌው ክንዱን ያዙት። «አትሂድ። አሁን የምለውን ስማ። አንድ ሰው እንኳ ይስማልኝ» አሉት።

ተናገሩ። ወንድማቸውን በስሙ ጠርተው፣ ያቺን ክፉ ቃል አንሥተው፣ ይዘውት የኖሩትን ሁሉ አወጡት። ልጁ ቆሞ ሰማ። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ጠራ፤ አላወጣውም። ጨረሱ። ሽማግሌው ዞረው «አሜን በል እንጂ» አሉት። ያን ጊዜ፣ እንደ ልማዱ ሳይጮኽ፣ አሜን አለ።

«ጋሽ ውብሸት እዚያ ምን ነበር ያሉት?» ብዬ ጠየቅሁት። ሰው ነኝና ጓጓሁ።

ፈገግ አለ። «አንዲት ቃል አልጠፋችኝም» አለኝ። «ግን አደራ ነው።»

ምዕመናን፣ ያ ሰው የአባቱን አደራ እስከ ዛሬ አላገኘውም። ከፈጸማቸው ውስጥ አንዱ እሱ ይሆን? አያውቅም። እስኪሞት ይናፍቀዋል፤ ጋሽ ውብሸትም እስኪሞቱ ይናፍቃቸዋል። አንዲት ረፋድ ናት። ለአንዲት ረፋድ ስልኩን ፊቱን ወደ ታች አድርጎ ቢያስቀምጠው ኖሮ።

እናንተስ? ዛሬ ማን እጁን ጉልበታችሁ ላይ አሳርፎ እያወራችሁ ነው? ሚስትህ ምን አለችህ ዛሬ ጠዋት? አንተ ቅድም የሳቅኸው፣ አንተን ነው። ልጅሽ ከትምህርት ቤት ገብታ «እማዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» ስትልሽ የት ነበርሽ? እናታችሁ አንዱን ወሬ ደጋግመው ሲያወሩ «ሰምቼዋለሁ እኮ» ትላላችሁ። እውነት ሰምታችሁታል? ወይስ «እሺ» የሚባልበትን ቦታ ነው የምታውቁት? የማን ይቅርታ ነው በእናንተ ጆሮ ደጃፍ ቆሞ የቀረው? ወንዝ ማዶ ተቀምጦ መንገድ መንገድ የሚያየው ማን ነው?

የሚደክማችሁ አላችሁ፣ አውቃለሁ። ሐሳብ አልሰበሰብ የሚላችሁ፣ አእምሮዬ ዛገ የምትሉ አላችሁ። ጉልበት ፈልጉ፣ ተኙ፣ ብሉ፣ ሐኪም ጠይቁ። ግን ሐሳባችሁ ሲሰበሰብ ለማን ልትሰጡት ነው? እሱን አስቀድማችሁ እወቁ። ቤት ወንበር ላይ የተቀመጡት እናታችሁ ነገ ላይነቁ ይችላሉ።

ፈጣሪም እኮ ሁልጊዜ እንደ ወፍጮ ቤት አይጮኽም። አንዳንድ ጊዜ የሚናገረው በትንፋሽ ነው። እኛም ከጓሮ ሲሰሙት የሚያምር አሜን እንልለታለን።

አሁን ልመርቃችሁ ነው። አፋችሁ ተዘጋጅቷል፣ አያለሁ። ቆዩ። ዛሬ እስክጨርስ ማንም አሜን እንዳይል።

የሚያናግራችሁን ሰው ድምፁ ሳይደክም ስሙት። ዛሬ ቤት ስትገቡ በዕድሜ የሚበልጣችሁን ሰው አጠገብ ተቀመጡና «መርቁኝ» በሉ፤ የሚሏችሁንም እስከ መጨረሻው ስሙ። ከሞቱባችሁ፣ ሳትሰሙ ከሸኛችኋቸው ጋር ፈጣሪ እሱ ባለበት አገር ያገናኛችሁ፤ ያን ቀን የሚሏችሁን የምትሰሙበት ልብ ይስጣችሁ። አደራዬ ይቺው ናት። ትፈጽሙልኛላችሁ?

ዝም አላችሁ። ጎሽ። ሰምታችሁኛል ማለት ነው።

በሉ እንግዲህ፣ አሁን አሜን በሉ።